የጥር መንገድና የሐምሌ መንገድ፦ አካባቢያችሁን ካርታ ላይ ለማስገባት

ካርታው ላይ ያ መንገድ አለ። ያስገባሁትም እኔ ነኝ።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። ባልደረባዬ ነው። የበግ ፈንጣጣ ክትባት በአይስ ቦክስ ይዞ በሞተር ወደ አንድ ቀበሌ እየሄደ ነበር። ለአካባቢው አዲስ ስለሆነ ማታውን ስልኩ ላይ ካርታ ጭኜለት፣ «ዝም ብለህ መስመሯን ተከተል» ብዬዋለሁ።

«መስመሯ ወንዝ ውስጥ ገባች» አለኝ።

«ምን ያህል ሞልቷል?»

«ሞተሯን እኔ ላስገባት ወይስ አንቺ መጥተሽ ታስገቢያታለሽ?»

ተመልሶ በዋናው መንገድ ዞረ። ሲደርስ ገበሬዎቹ ጠብቀው ጠብቀው በጎቻቸውን ይዘው ተበትነዋል። አይስ ቦክሱ ውስጥ ያለው በረዶም ውሃ ሆኗል። ይህ ክትባት ሕያው ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ካልተጠበቀ ይሞታል። የሞተ ክትባት ደግሞ ወግቶ ከማታለል በቀር ምንም አይሠራም። አስወገድነው። መንገዱን የመዘገብኩት ጥር ላይ ነበር። ጥር ላይ ያ ወንዝ ጫማ እንኳ አያርስም።

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ከጮቄ ሥር ባለ ወረዳ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። ሥራዬ መንገድ ነው ማለት ይቻላል። አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባ፣ ፈንጣጣ፤ ሁሉም ከከተማ ርቆ ነው የሚጠብቀኝ። ካርታ መሥራት የጀመርኩት ለራሴ ብዬ ነው፤ በየጊዜው ያንኑ መንገድ መጠየቅ ሰልችቶኝ። አሁን ጎረቤት ወረዳ ያሉ ልጆች «እንዴት ነው የምታስገቢው?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

ካርታው የማን ነው

የምጠቀመው ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለውን ነው። ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ነው። ዊኪፒዲያን የምታውቁ ከሆነ ነገሩ ያው ነው። ማንም አካውንት ከፍቶ ያስገባል፤ ማንም ያርማል። መረጃውን ወስዶ መጠቀምም ነጻ ነው፤ ምንጩን ጠቅሱ፣ አሻሽላችሁ ስታወጡትም ለሌላው ክፍት አድርጉት ነው የሚሉት። ጉግል ማፕም ከሰው ይቀበላል፤ ስም ታርማላችሁ፣ ሱቅ ትጨምራላችሁ። እዚያ ያስገባችሁት ግን የሚያድረው ኩባንያው ቤት ነው።

ሰው ራሱ የሚሠራው ካርታ ጥቅሙ ምንድን ነው ካላችሁ፣ ናይሮቢ ኪቤራን ማየት ነው። ያን ያህል ሕዝብ የሚኖርበት ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የራሱ ወጣቶች ጂፒኤስ ይዘው እስኪዞሩበት ድረስ ካርታ ላይ ባዶ ቦታ ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 2010 ሃይቲን ርዕደ መሬት ሲመታት፣ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የፖርት ኦ ፕሪንስን መንገዶች ከሳተላይት ፎቶ ላይ በቀናት ውስጥ ሣሏቸው። ነፍስ አድን ሠራተኞች የተጠቀሙት ያንን ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታና በደብዳቤ ያን አይደርስበትም።

እኔ ጥቅሙ የገባኝ ግን ከዚያ ባነሰ ነገር ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ በክልላችን ለወራት ሲቋረጥ፣ ስልኬ ላይ አስቀድሜ ያወረድኩት ካርታ እንደወትሮው ይሠራ ነበር። ብዙ ሰው ጂፒኤስ ኢንተርኔት የሚፈልግ ይመስለዋል። አይፈልግም። ሲም ካርድም አይፈልግም። ስልኩ ከሳተላይት በቀጥታ ነው የሚቀበለው። ካርታው ስልኩ ውስጥ ከተቀመጠ፣ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ የት እንዳላችሁ ያሳያችኋል።

ምን ትጭናላችሁ

ለማየትና ለመሄድ ኦርጋኒክ ማፕስ ይበቃል። ቀላል ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ አሮጌ ስልክ ላይም ይሠራል። የሄዳችሁበትን መስመር ለመመዝገብ ኦስማንድን ጨምሩ። ለማስገባት መጀመሪያ ስትሪትኮምፕሊት ላይ ተለማመዱ። እሱ ራሱ ይጠይቃችኋል፦ ይህ መንገድ አስፋልት ነው ወይስ አፈር? ይህ ሕንፃ ስንት ፎቅ ነው? ትመልሳላችሁ፣ ገባ ማለት ነው። መንገድ ራሱን መሣል ስትፈልጉ ቬስፑቺ የሚባል አለ። መጀመሪያ ሲከፍቱት ያስፈራል። ኮምፒውተር የምታገኙ ከሆነ ድረ ገጹ ላይ ያለው ማረሚያ በጣም ይሻላል፤ እኔ ወር በገባ ቁጥር ከተማ ስወርድ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ነው የምጨርሰው።

አካውንት ስትከፍቱ በሙሉ ስማችሁ አትክፈቱ። የምታስገቡት ሁሉ ከነሰዓቱ ከስማችሁ ጋር ለዘላለም ይታያል። ቅጽል ስም ስጡት።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አታስገቡ። ካርታውን ይዛችሁ በምታውቁት ሰፈር ብቻ ዙሩ። ከቤታችሁ እስከ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት እስከ ገበያ። ምን ጎደለ? ምን ያለቦታው ተቀመጠ? ዓይናችሁ ይለምዳል። እኔ ይህን ሳላደርግ ገባሁበትና በመጀመሪያው ቀን አንድ ጤና ኬላ ሁለት ጊዜ አስገባሁ። አንድ ሰው ቀድሞኝ በእንግሊዝኛ አስገብቶት ነበር፤ ፊደሉን አይቼ ሌላ ቦታ መስሎኝ ነው።

ትራክ አያያዝ

ኦስማንድን ከፍታችሁ መመዝገቢያውን ታበራላችሁ፣ ስልኩን ደረት ኪስ ውስጥ ታስገባላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ስልኩ የሚመዘግበው የሄዳችሁበት መስመር ትራክ ይባላል። ይኸው ነው። የሚያስቸግሩት ትንንሽ ነገሮች ናቸው።

ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ መተግበሪያውን ከጀርባ ይዘጋዋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኦስማንድን ከባትሪ ቁጠባ ካላወጣችሁት፣ አራት ሰዓት ሄዳችሁ ስትመለሱ ሁለት ነጥብና አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው የምታገኙት። ጋራውን ሰንጥቆ የሚያልፍ መስመር። ከመነሳታችሁ በፊት ደጅ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቁሙ፤ ሳተላይቶቹን ይያዝ። ሜዳ ላይ ጥሩ ስልክ በአምስት ሜትር አካባቢ ነው የሚሳሳተው። ሸለቆ ውስጥና ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ግን ይሰክራል። ስለዚህ ገደል ያለበትን መንገድ ሄዳችሁ መዝግቡ፣ ስትመለሱም መዝግቡ። ሁለቱ መስመሮች የሚስማሙበት እሱ መንገዱ ነው።

ደግሞ ትራኩን ከቤታችሁ ደጃፍ አትጀምሩ። ለሕዝብ ብትለቁት ማን የት እንደሚያድር፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ያሳያል። እኔ ቡና ቤቱ ጋ ስደርስ ነው የማበራው።

መሻገሪያ፣ ምንጭ፣ ትምህርት ቤት፣ የከብት መከተቢያ በረት ስታገኙ ቆም ብላችሁ ነጥብ አድርጉና በድምፅ ተናገሩበት። «ድንጋይ የተነጠፈበት መሻገሪያ፣ ሞተር ያልፋል፣ ቀን ጥር 12።» ቀኑን አትርሱ። ለምን እንደሆነ ገብቷችኋል።

ከሰማይ የሚሣል መንገድ

ሁሉንም በእግር መዞር አይቻልም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ከሳተላይት ፎቶ ላይ ነው የሚሥለው። ማረሚያው ውስጥ የቢንግና የኤስሪ ፎቶዎች አሉ፤ በእነሱ ላይ መሣል ተፈቅዷል። ከጉግል ማፕ ማየትና መገልበጥ ግን ክልክል ነው። የሌላ ሰው ንብረት ነው፤ ከተገኘ ያስገባችሁት ሁሉ ይሰረዛል።

ጎጃምን ከላይ ማየት ደስ ይላል። ቤተ ክርስቲያኖቹን ወዲያው ትለያላችሁ። እርሻ በእርሻ በሆነ መሬት መካከል ክብ አረንጓዴ ካያችሁ፣ ዐጸድ ነው። መካከሉ ላይ ቆርቆሮው ያበራል። እኔ አገር ሲጠፋብኝ እነዚያን ክቦች ቆጥሬ ነው የምመለሰው።

ግን አረንጓዴ ሁሉ ደን አይደለም። አዊ በተለይ ፋግታ ለኮማ ብትሄዱ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ተክሏል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያወጣበታል። ውጭ አገር ቁጭ ያለ ሰው ያንን ፎቶ አይቶ «ደን» ብሎ ይሥላል። እናንተ ስትደርሱ ጉቶና ጤፍ ነው። ሰውየው አልዋሸም። ፎቶው የተነሣ ቀን ደን ነበር።

ከዚህ የከፋው የከብት መንገድ ነው። መቶ ከብት በየቀኑ ወደ ውሃ የሚወርድበት ቦታ ሣሩ አልቆ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከሰማይ ሲታይ ከመኪና መንገድ በምንም አይለይም፤ እንዲያውም የከብቱ ይሰፋል። አንዴ እንዲህ ያለውን መስመር ተከትዬ በሞተር ወርጄ፣ መንገዱ ገደል አፋፍ ላይ አለቀ። ከብቱ ከዚያ በየፊናው ይበተናል። እኔና ሞተሬ ግን አንችልም። ከሣር አጫጆች ጋር ሞተር ገፍተን አወጣናት። አንዱ «በየት በኩል መጣሽ?» ሲለኝ ስልኬን አሳየሁት። ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ ዝም አለ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አምናለሁ። ባዶ ካርታ ብዙ አይጎዳም። ባዶ ሲሆን ሰው ይጠይቃል፤ «አባ፣ በየት ነው የሚሻገሩት?» ይላል። መስመር ካየ ግን አይጠይቅም። ባልደረባዬ ያን ቀን ሦስት እረኞችን አልፏል። አንዳቸውንም አልጠየቀም። እጁ ላይ መልስ ነበራ!

ስለዚህ ከፎቶ ብቻ ያያችሁትንና ሄዳችሁ ያያችሁትን ለዩ። ከፎቶ ብቻ ከሆነ ዝቅ አድርጋችሁ አስገቡ፤ «የእግር መንገድ» በሉት። በኋላ የሄደ ሰው ከፍ ያደርገዋል። መኪና መንገድ ብሎ ማስገባት ለእናንተ ሁለት ጠቅታ ነው፤ ለሌላው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ለውጡን ስታስቀምጡም ከታች ማስታወሻ ይጠይቃችኋል። «አስተካከልኩ» ብላችሁ አትለፉ። «ከቢንግ ፎቶ፣ አልሄድኩበትም» ወይም «በሞተር ሄጄበታለሁ፣ ጥር» በሉ።

ፎቶውም ራሱ አንዳንዴ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ተራራማ ቦታ ላይ በተለይ። ትራካችሁን ከላዩ አድርጋችሁ እዩ። መንገዱ ከትራኩ አሥር ሜትር ከራቀ፣ ፎቶውን ጎትታችሁ አስማሙና ከዚያ ሣሉ።

ክረምትና በጋ

አሁን ወደ ወንዙ። የእኔ ስህተት መንገዱን ማስገባቴ አልነበረም። መንገዱ አለ። ስህተቴ ወንዙን ሳላስገባ ማለፌ ነው። ጥር ላይ ያየሁት አሸዋና ድንጋይ ነበር፤ ከበጎቹ በቀር ውሃ መኖሩን ያሰበ አልነበረም።

እንዲህ ነው የሚደረገው። መጀመሪያ ወንዙን ሣሉት፤ በጋ ላይ ደረቅ ቢሆንም። ዓመቱን ሙሉ የማይፈስ ከሆነ «ወቅታዊ» የሚል ምልክት አለው፤ እሱን ስጡት። መንገዱና ወንዙ የሚቋረጡበት ላይ አንድ ነጥብ አድርጉ። ነጥቧ የሁለቱም ትሁን፤ ተጠጋግታ ብቻ ከቆመች ካርታው መሻገሪያ መሆኑን አያውቅም። ነጥቧን «ፎርድ» በሏት፤ ድልድይ የሌለው መሻገሪያ ማለት ነው። ከዚያ መንገዱን ከፍ ባለ ደረጃ ሳይሆን «ትራክ» ብላችሁ (እዚህ ላይ ጥርጊያ የገጠር መንገድ ማለት ነው፤ ስልኩ የመዘገበው መስመር አይደለም)፣ ወለሉን «አፈር» ብላችሁ ግለጹ። መግለጫ በሚለው ቦታ ላይ በአማርኛ «ከሰኔ እስከ መስከረም ሞተር አያሻግርም» ብላችሁ ጻፉ። ከምልክቱ ሁሉ ሰው የሚያነበው እሱን ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም አትመኑ። መንገድ የሚያወጡት መተግበሪያዎች ፎርድን እኩል አያከብሩትም። አንዱ ያስዞራችኋል፣ ሌላው ዝም ብሎ ያስገባችኋል።

ድልድይም ብትሆን የማንን ክብደት እንደምትችል ጻፉ። ከሞጣ ወደ ደቡብ ጎንደር ስትሻገሩ ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ የፋሲል ዘመን ሥራ ነው። በጣልያን ጊዜ ከተሰበረ በኋላ ሰው ለብዙ ዘመን በገመድ እየተጎተተ ነው የተሻገረው። በኋላ የተሠራለትም የእግረኛ ድልድይ ነው። ካርታ ላይ «ድልድይ» የምትለዋን ቃል ብቻ አይቶ አይሱዙ ይዞ የሚወርድ ሰው አስቡ።

አንድ ሌላ ጣጣ ልንገራችሁ። እናንተ ዛሬ ብታርሙ ሰው ስልክ ላይ ዛሬ አይደርስም። ያወረደው ካርታ ያወረደበትን ቀን ነው የሚያሳየው። ግንቦት 2016 ባሕር ዳር አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከተመረቀ በኋላ በባጃጅ ተሻገርኩ። 380 ሜትር ነው። ካርታዬን ለወራት አላደስኩትም ነበርና ስልኬ ላይ ሰማያዊው ቀስት ውሃ ላይ ይራመዳል። ያን ቀን ሳቅሁ። ወንዙን ካረምኩ በኋላ ግን አልሳቅሁም። ጥር ላይ ካርታውን ያወረዱ ስንት ሰዎች አሉ? እነሱ ካላደሱት ያ የጥር መንገድ እስካሁን ስልካቸው ውስጥ አለ። ስለዚህ ለምታውቁት ሰው ካርታ ከጫናችሁለት እንዴት እንደሚታደስም አሳዩት። ሰኔ መግቢያ ላይ አንዴ፣ ጥቅምት ላይ አንዴ ቢያድስ ይበቃዋል።

ስምና ሰዓት

ስም ላይ ቀስ በሉ። እንጅባራ የሚለውን ታርጋ ታነባላችሁ፤ መናኸሪያ ስትገቡ ረዳቱ «ኮሶበር! ኮሶበር!» ይላል። ሁለቱም ይገባሉ። ማረሚያው ላይ ዋናው ስም፣ ሌላ ስም፣ የድሮ ስም፣ ስም በአማርኛ የሚሉ ቦታዎች አሉ። ደብረ ማርቆስ የድሮ ስሙ መንቆረር መሆኑን ሽማግሌ ሁሉ ያውቃል፤ ቦታው እዚያ ነው እንጂ ዋናውን ስም መሻር አይደለም።

አታሳጥሩ። «ደ/ማርቆስ» ብሎ የጻፈ አለ። ፍለጋው አያገኘውም። «ቅ/ጊዮርጊስ»ም እንዲሁ። ሐሙስ ገበያን በሐመሩ ሐ ትጽፉታላችሁ ወይስ በሃሌታው ሀ? ታፔላው ላይ እንዳለው ጻፉና ሌላውን ሌላ ስም ውስጥ ጨምሩ። ቤተ ክርስቲያን ስታስገቡ «ማርያም» ብቻ አትበሉ። አንድ ወረዳ ውስጥ ስንት ማርያም አለች! የአጥቢያዋን ስም ከፊት አድርጉ።

የገበያ ቀን ትልቅ ነገር ነው። ሮብ ገበያ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ሌላው ግን አይናገርም። ገበያ ስታስገቡ የመክፈቻ ሰዓት በሚለው ቦታ ቀኑን ምረጡ። ማክሰኞ የሄደ ሰው ባዶ ሜዳና ሁለት ፍየል እንዳያገኝ።

ሰዓቱ ራሱ ግን ጉድ ነው። ካርታው የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። አንድ ፋርማሲ «ከ2፡00 እስከ 12፡00» ተብሎ ገብቶ አገኘሁ። ያስገባው ልጅ ትክክል ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ይከፈታል፣ ማታ 12 ይዘጋል። ካርታው ግን የተረዳው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፍቶ እኩለ ቀን ላይ እንደሚዘጋ ነው። ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ፈልጎ ካርታውን ያየ ሰው «ተዘግቷል» ይለዋል። በቀን ሰዓታችን ላይ ስድስት ደምሩ፦ 2 የነበረው 8፡00፣ 12 የነበረው 18፡00 ይሆናል። የማታ 2 ሰዓት ከሆነ ደግሞ 20፡00 ነው።

የማይገቡ

አንድ አባት ማሳቸው ዳር ቆሜ ስልክ ስነካካ መጡ። ምን እንደምሠራ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንች ልጅ፣ የኔን ስትስይ ወሰኑን ትንሽ ወደ ባሕር ዛፉ ገፋ አድርጊው» አሉኝ። ባሕር ዛፉ የጎረቤታቸው ነው።

«አባባ፣ ይኼ እኮ የመሬት ደብተር አይደለም። መንግሥትም አያየውም።»

«መንግሥት ካላየው ታዲያ ምን ያደርጋል?» ብለው ትተውኝ ሄዱ።

የሰው ማሳ ወሰን አትሣሉ። ዛሬ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገ አንዱ ስልኩን ይዞ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። የግለሰብ ቤትን በሰው ስም አታስገቡ። ሱቅ ሲሆን እንኳ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ስልክ ቁጥሩን አትጻፉ።

አንድ ጠበል ነጥብ ላደርግ ስል መሪጌታው «ይህን አትጻፊው» አሉኝ። የሚመጣው ሰው ልብሱን አውልቆ የሚጠመቅ በሽተኛ ነው፤ ካርታ አይቶ የሚመጣው ካሜራ ይዞ ነው። ተውኩት። ካርታው ላይ እስካሁን የለም፤ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ያገኘዋል።

ጊዜው ደግሞ ስልክ ዘርግቶ ድልድይ አጠገብ መቆምን አይወድም። ኬላ፣ ካምፕ፣ የታጠቀ ሰው ያለበትን ቦታ አታስገቡ፤ አትመዝግቡ፤ ፎቶ አታንሡ። አዲስ ቀበሌ ስትገቡ መጀመሪያ ሊቀመንበሩን ወይም የሚከበር ሽማግሌ አግኙና ምን እንደምትሠሩ ንገሩ። እኔ ነጭ ጋወኔና አይስ ቦክሴ ስላሉ አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይጠይቀኝም። እናንተ ግን እነሱ የሏችሁም። ሰው በጥርጣሬ ካያችሁ ስልኩን ኪስ ክተቱ። መንገዱ ለሌላ ቀን ይቆያል።

ሰው ሲያበላሽባችሁ

ማንም ያስገባል ስንል ቀልደኛም ያስገባል ማለት ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 ማፕ ሜከር የሚባል ነገር ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ሰው ፓኪስታን ራዋልፒንዲ አካባቢ የአንድሮይድን ሮቦት በአፕል አርማ ላይ ሲሸና አድርጎ ሣለበት። ዓለም ሁሉ አየው። ለጊዜው አቆሙት፣ መልሰው ከፈቱት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ጨርሰው ዘጉት።

ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የተለወጠ ሁሉ ታሪኩ ይቀመጣል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ታያላችሁ፤ ወደ ነበረበት መመለስም ይቻላል። ግን ከመመለሳችሁ በፊት ጻፉለት። አንዱ ያን የእኔን ትራክ በሳተላይት ሰፍቶ ስላየው ወደ መኪና መንገድ ከፍ አድርጎት አገኘሁ። ደሜ ፈላ። ልመልሰው ብዬ ተውኩትና በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ «ወንድሜ፣ ሐምሌ ላይ ይህ ወንዝ ነው» ብዬ ጻፍኩለት። በሁለተኛው ቀን ይቅርታ ጠይቆ ራሱ መለሰው። የሚገርመው፣ እሱ ያስተካከላቸው ሌሎች መንገዶች አብዛኞቹ ትክክል ነበሩ። ተናድጄ ሁሉንም ብመልስ ኖሮ ጥፋተኛዋ እኔ ነበርኩ።

የእኛን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ትልቁ ችግር ይኸው ነው። ዊኪፒዲያ ላይ አንድ ስህተት ሺ ሰው ያየዋል። የእኔን ወንዝ ያየው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ሞተር ላይ ሆኖ።

ጥቅምት ላይ ከባልደረባዬ ጋር ወደዚያው ወረድን። ወንዙ ጎድሏል። ሰዎቹ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ አጋድመውበታል፤ ሰው ያልፋል፣ ሞተር አያልፍም። ነጥቧን ልሠራ ስልኬን ሳወጣ ባልደረባዬ ከኋላዬ ቆሞ «አሁን መስመሯ ምን ትላለች?» ይለኛል። አልረሳውም።

ማዶ በግ የሚጠብቅ ልጅ ነበር። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ባልደረባዬን አይቶ ለየው።

«ያን ጊዜ በሞተር የመጡት እርስዎ ነዎት አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«ቢጠይቁኝ በላይኛው አሻግርዎት ነበር። በላይ በኩል ድንጋዩ ጠፍጣፋ ነው። ክረምትም አይሞላም።»

ባልደረባዬ እኔን አየኝ። እኔ ትራኩን አበራሁ። ልጁ በጎቹን ለታናሹ ትቶ ከፊት ሄደ፤ ተከተልነው።